ተንጠባጥባችሁ ኑ

ኦቦ ጉተማ አንድ ሱቅ ሙሉ ጀሪካን፣ ደጃፌ ላይ የነበረች ባለመደገፊያ ወንበር እና ከዕድራችን ዳኛ ጋር የነበረኝን ሰላምታ አስወጥተውኛል። ነጋዴ ነኝና ከኪሳራው ጀመርኩ፤ ሌላ አጀማመር አላውቅም። እንዲከፈለኝ ብዬ አይደለም። ሰውየው ሞተዋል፤ ከሙት ጋር የተከራከረ ነጋዴ ደግሞ አሸንፎ አያውቅም።

መሞታቸውን የሰማሁት ከስልኬ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰውን ሞት በጡሩምባና በጉሮሯቸው ሲናገሩ የኖሩት ሰው ሲያርፉ፣ መርዶው የመጣው በዕድሩ የስልክ ግሩፕ ነው። «አባላችን ኦቦ ጉተማ ስላረፉ ቀብር ስድስት ሰዓት» ይላል። ከሥሩ አንዱ አውራ ጣቱን ቀስሮበታል፤ ሰምቻለሁ ማለቱ ይሆናል። ሌላው ነፍስ ይማር ሊል ፈልጎ የልደት አበባ ልኳል። ስልኩን ይዤ ሱቄ ውስጥ ቁጭ እንዳልኩ ሳቄ መጣ፤ ከዚያ እንባዬ። የእሳቸው ነገር ሁልጊዜም እንዲህ ነበር፤ ሳቁ ሳይቀድም እንባው አይመጣም።

ለማያውቋቸው ልንገር። ኦቦ ጉተማ የሰበታው ዕድራችን ጡሩምባ ነፊ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ አንገታቸው ላይ ፎጣ የማይለይ። ጡሩምባቸውን እንደ አራስ ልጅ በጨርቅ ጠቅልለው ነው የሚይዙት። ሊነጋጋ ሲል ይነፉና ቀብሩን በሁለት ቋንቋ ያውጃሉ፤ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በኦሮምኛ።

«እኛ ሰፈር እኮ ሰው ሁለት ጊዜ ነው የሚሞተው» እላቸው ነበር።

«አዎ፤ አንተ ሁለቱንም ጊዜ ተኝተህ ታሳልፋለህ እንጂ» ይሉኛል።

ሥራቸው ማለዳ ስለሚያልቅ ቀኑን የሚገፉት እኔ ደጃፍ ላይ ነው። የፕላስቲክ ዕቃ ነው የምሸጠው፤ ባልዲ፣ ሳፋ፣ ጆግ፣ ጀሪካን። ስሜን ትተው «አንተ ፕላስቲክ» ይሉኝ ነበር። ወንበሯ ላይ ተደላድለው ይቀመጡና ገዢ ይመክራሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ እንዳይገዛ።

አንድ ቀን የፋብሪካ ሠራተኛ የሆነች ልጅ ከእኔ የገዛችውን ባልዲ ይዛ ተመለሰች።

«ወንድም፣ ይሄ ባልዲህ ያፈሳል።»

«አያፈስም እህቴ። አዲስ ስለሆነ ነው፤ ያልበዋል። ሲለምድ ይተዋል።»

ኦቦ ጉተማ እጃቸውን አነሱ። «ቆይ፣ ቆይ። የሚያፈሰው ጣራ ነው። ባልዲ አያፈስም፤ ልጅቷ ተሳስታለች።»

ደስ አለኝ። ዕድሜ ለሽማግሌ ልል ስል፣

«ባልዲው ያንጠባጥባል። የሚያልበው ደግሞ እንስራ ነው፤ ፕላስቲክ ላብ የት ያውቃል? እሷ ተሳስታለች፣ አንተ ዋሽተሃል። ለውጥላት» አሉ።

ለወጥኩላት። ልጅቷ ከዚያ ወዲህ በሱቄ ስታልፍ ሰላም የምትለው እሳቸውን ነው።

እንዲህ ነበሩ። ከአንድ ቦታ ወጥቶ የሚሄድ ነገር ሁሉ የየራሱ ቃል አለው፣ ቃሉን የሳተ ነገሩን አላየውም ባይ ናቸው። ወተት ይገነፍላል፣ ምንጭ ይፈልቃል፣ ወሬ ያፈተልካል። «ወሬ ለምን አይፈስም?» ብል «አፍ በር አለዋ! ሾልኮ ነው የሚወጣው» አሉኝ።

ሰውንም እንደ ውሃ ነበር የሚያዩት። ከቀብር ሲመለሱ «ዛሬስ እንዴት ነበር?» እላቸዋለሁ። ሟቹ ባለጸጋ ከሆነ ሎሚ እንደመጠጠ ሰው ፊታቸውን አጨማደው «ጎረፈ» ይላሉ።

«ሰው መጉረፉ ምን ይከፋል?»

«ጎርፍ የሚያውቀው ቁልቁለቱን ብቻ ነው። ሆ ብሎ ይመጣል፣ ንፍሮውን ጠርጎ ይሄዳል።»

በሥርዓት መንገዱን ይዞ የመጣ ለቀስተኛ ከሆነ «ፈሰሰ» ነው። አንድ አራጣ አበዳሪ የሞተ ቀን «ጠብ ጠብ አለ» አሉ፤ ቀጥለውም «የመጣውም ሰው መሞቱን ሊያረጋግጥ ነው» አሉ። «ፈለቀ» ሲሉ የሰማኋቸው ግን አንዲት ጉልት ላይ ሽንኩርት የምትሸጥ ብቸኛ ሴት የሞተች ጊዜ ብቻ ነው። «ጡሩምባውን ከአፌ ሳላወርድ ሰው ከየበሩ ብቅ ብቅ አለ። ማንም ሳይቆፍር የሚወጣ ውሃ፣ እሱ ነው ምንጭ» አሉና ፎጣቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ባለፈው የራሳቸውን ቀብር ውዬ ስመለስ ግራ ገባኝ። ምን እንደሚባል የሚነግረኝ ሰው አልነበረም።

አንድ ጊዜ «ፍሳሽስ?» ብዬ ጠየቅኳቸው፤ ለጨዋታ ያህል ነው። ከወንዙ ዳር ትንሽ ማሳ ነበራቸው። ከላይ ፋብሪካ ተተክሎ ወንዙ እንደ ሸሚዝ ቀለም መቀያየር ሲጀምር፣ ላማቸው ከዚያ ጠጥታ ሞተች። ይህን ያኔ አላውቅም ነበር። «ፍሳሽ ማለት ባለቤቱ የካደው ውሃ ነው» አሉ። ከዚያ ተነሥተው ሄዱ። የላሚቷን ነገር የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው።

የማስተር ፕላኑ ወሬ ሲመጣ ደግሞ አገር ሁሉ ቃል ፍለጋ ጀመረ። አዲስ አበባን ከእኛ ከሰበታ፣ ከቡራዩ፣ ከሱሉልታ ጋር የሚያያይዝ ዕቅድ ወጣ ተባለ። ገበሬው ካርታውን አላየም፤ መሬቱ ካርታው ውስጥ እንዳለ ግን ሰምቷል። ልማት ነው ያለም አለ፣ ንጥቂያ ነው ያለም አለ። ኦቦ ጉተማ ወንበሯ ላይ ሆነው «አዲስ አበባ ገነፈለች» አሉ። «ድስት ሲገነፍል ድስቱ ምን ይሆናል? የሚነከረው ምድጃው ነው።»

ከዚያ ተማሪው ወጣ። መንገድ በድንጋይ ተዘጋ፣ ጎማ ነደደ፣ ጥይት ተሰማ። እኔ የሱቄን በር እንደ ዓይን ቆብ ስከፍት ስዘጋ ከረምኩ። በኋላ ዕቅዱ ቀርቷል ተባለ፤ ግን የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ነገሩ ከርሞ ጭራሽ ባሰ፤ ፋብሪካ ተቃጠለ፣ ሰው መሰብሰብ የሚከለክል አዋጅ ወጣ፣ አስፋልቱ ላይ ወታደር የጫነ መኪና ውሎ የሚያድር ሆነ።

ገመቹ የሞተው ያኔ ነው። የኦቦ ቶሎሳ ልጅ ነው፤ አባቱ ገበሬ ናቸው፣ የኦቦ ጉተማ የልጅነት ጓደኛ። ልጁ ተማሪ ነበር። እኔ ሱቅ እስክሪብቶ ሊገዛ ይመጣና፣ እስክሪብቶ አልሸጥም ስለው «ታዲያ ምን ሱቅ ነው?» እያለ የሚያበሽቀኝ ልጅ። አንድ ከሰዓት በኋላ መንገድ ዳር ጥይት አገኘው። ከየት እንደተተኮሰ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም፤ የት እንዳረፈ ግን ሁላችንም እናውቃለን።

የዕድሩ ዳኛ ፊታቸው አመድ መስሎ ሱቄ ድረስ መጡ።

«ኦቦ ጉተማ፣ ጡሩምባ የለም። ድንኳን የለም። ቤተሰቡ ብቻ ይቅበር ተብሏል።»

«ማን አለ?»

«ከላይ ነው የመጣው።»

«ከላይ የሚመጣውማ ዝናብ ነው።»

«ቀልዱን ይተዉት፤ ሰው ያልቃል!»

«ሕጋችን ምን ይላል ዳኛ? ቀብር የቀረ ይቀጣል ይላል። ሁላችንም ስንቀር ማን ማንን ሊቀጣ ነው?»

ዳኛው «እኔ ነግሬያለሁ» ብለው ወጡ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የፈሩ ሰው ነበሩ። ያኔ መፍራት ደግሞ ሙያ ነበር።

ጥቂት ቆይቶ ኦቦ ቶሎሳ መጡ። ተቀመጥ ቢሏቸው እምቢ አሉ። በሩን ይዘው ቆመው፣ «ጉተማ፣ ልጄን እንደ ሌባ ተደብቄ አልቀብረውም። ሰው ይቅበርልኝ። ሌላ ነገር አልለምንህም» አሉ። ይህን ብቻ ተናግረው ሄዱ። ኦቦ ጉተማ ጡሩምባው ያለበትን ጥቅልል ወደ ጭናቸው ሳብ አደረጉት።

ሦስተኛው የመጣው ለሚ ነው፤ የገመቹ ጓደኛ፣ ክፍል ውስጥ አንድ ወንበር ላይ አብሮት የሚቀመጥ የነበረ። ዓይኑ ቀልቷል።

«አባባ፣ ይንፉልን! ነገ ሰበታ ትገነፍላለች። ሬሳውን ተሸክመን አስፋልቱ ድረስ እንወርዳለን።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይዩን!»

«ያዩሃል። ለማየት አይደል መኪና ላይ የቆሙት?» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ጎርፍ ሲመጣ ማንን ነው ቀድሞ የሚወስደው?»

ለሚ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ።

«ፊት የቆመውን ነው። ነገ ፊት የምትቆመው አንተ ነህ። በማግስቱ ደግሞ ለለሚ ንፋ ሊሉኝ ነው። ሳንባዬ አርጅቷል፤ ይህን ሁሉ አልችልም።»

«ታዲያ ዝም ብለን እንቅበረው?» አለና ለሚ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። «ማንም በሌለበት?»

ኦቦ ጉተማ ቀና አሉ። ከሱቄ በር በላይ በገመድ አሥሬ የሰቀልኳቸውን ቢጫ ጀሪካኖች አዩ። ደጋግመው አዩ። እኔ ደግሞ ሰው ዕቃዬን እንዲህ ሲያይ መግዛቱ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

«አንተ ፕላስቲክ።»

«አቤት።»

«ምን ያህል ጀሪካን አለህ?»

«ለምን?»

«ነገ ውሃ ልንቀዳ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። መቃብሩ ያለው ከመንደሩ ወጣ ብሎ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ነው። ከግቢው አጥር ሥር ደግሞ ቦኖ አለ፤ የመንደሩ የውሃ ቧንቧ። ሰበታ ውሃ በወረፋ ነው የምትጠጣው። ስለዚህ ጀሪካን የያዘን ሰው የት ትሄዳለህ ብሎ የሚያቆም የለም፤ ጀሪካን ያልያዘውን ነው ምን ሆነሃል የሚሉት።

ያን ከሰዓት በኋላ ኦቦ ጉተማ ጡሩምባቸውን ሱቄ ትተው ወጡ። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀብር ያለ ጡሩምባ አወጁ፤ በር ለበር፣ በሹክሹክታ። «ነገ ጠዋት ነው። አትጉረፉ። ተንጠባጥባችሁ ኑ፤ ጀሪካን ይዛችሁ። አንዱ ሲመለስ ሌላው ይውጣ።» በኦሮምኛም ደገሙት፤ «ቶኮ ቶኮን ኮታ»፣ አንድ አንድ እያላችሁ ኑ። ከደቡብ መጥተው ፋብሪካ የሚሠሩት ፕሮቴስታንት ልጆች በጋራ የተከራዩበት ግቢ ሳይቀር ገቡ። ጀሪካን የሌለው ሁሉ ወደ እኔ መጣ። «እንመልሳለን ጋሼ» ይሉኛል። «አውቃለሁ» እላለሁ። አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ማልጄ ሄድኩ፤ ጀሪካኖቼን ልጠብቅ ብዬ ለራሴ ነግሬው ነበር። ኦቦ ጉተማ ቀድመውኛል። የሱቄን ወንበር አስወስደው መቃብሩ አጠገብ አስቀምጠዋታል፤ ኦቦ ቶሎሳ ተቀምጠውባታል። ከአጥሩ ውጭ ጀሪካኑ ከቦኖው ጀምሮ ተደርድሮ መታጠፊያውን አልፏል። ሰው ግን ሲቆጠር ጥቂት ነው፤ አንዱ ሲመጣ አንዱ ይሄዳል። ሬሳውን ዘመዶቹ ብቻ ተሸክመው በጓሮ መንገድ አመጡት።

ካህኑ ጸሎተ ፍትሐቱን አደረሱ። ከዚያ ሰው ከወረፋው እየወጣ መግባት ጀመረ። አንዷ ጀሪካኗን ይዛ ትገባለች፣ ታስቀምጣለች፣ አፈር ትበትናለች፣ ከኦቦ ቶሎሳ ፊት ጎንበስ ትላለች፣ ጀሪካኗን አንሥታ ትወጣለች። ቀጥሎ ሌላው። እሪ ያለ የለም። ነጠላቸውን ነክሰው የሚያለቅሱ ሴቶች አየሁ። የደቡቦቹ ልጆች ተራቸው ሲደርስ አፋቸውን ሳይከፍቱ መዝሙር አንጎራጎሩ፤ ባልዲ የለወጥኩላት ልጅ ከመሃላቸው ነበረች። ለሚ በሁለት እጁ ሁለት ጀሪካን ይዟል፤ ኦቦ ጉተማ ናቸው ያስያዙት። ለምን ሁለት ብላቸው «እጁ ባዶ የሆነ ወጣት ድንጋይ አያጣም» አሉኝ።

የወታደር መኪናው የመጣው ከግማሽ በላይ ሰው አፈር በትኖ ከወጣ በኋላ ነው። አጥሩ ጥግ ቆመ። አንድ ወጣት ወታደር ወረደና ወረፋውን ተከትሎ ቦኖው ድረስ መጣ። እጁን ሰደደና ቧንቧውን ከፈተው።

ቧንቧው ሳል እንደያዘው ሽማግሌ አየር ተፋና ዝም አለ። ደረቅ ነው።

«ውሃ የለም እኮ» አለ ወታደሩ። ዞር ብሎ ሁላችንንም አየን። «የማይፈስ ቧንቧ ላይ ምን ትሠራላችሁ?»

ለሚ አንዱን ጀሪካን ሲለቀው፣ መሬት ላይ ሲያርፍ ሰማሁት። ኦቦ ጉተማ ፎጣቸውን አስተካክለው ወደ ወታደሩ ተራመዱ።

«ልጄ፣ እንደምን አደርክ?»

«ደህና» አለ፤ ሰላምታውን አልጠበቀውም።

«ሲፈስ የተሰለፈ ሰውማ ዘግይቷል። እኛ ወረፋ የምንይዘው ደረቅ ቧንቧ ላይ ነው።»

ወታደሩ አያቸው። ከዚያ የግቢውን በር አየ፤ አንዲት እናት ባዶ ጀሪካን ይዛ ትገባለች፣ አንድ ሰውዬ ባዶ ጀሪካን ይዞ፣ ዓይኑ አብጦ፣ እጁ አፈር ሆኖ ይወጣል። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ውሃ አይቀዳም። ገብቶታል። ለማንም እምላለሁ፣ ገብቶታል።

«እኛም አገር እንዲሁ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ወረፋው መቼ ያልቃል?»

«ሁሉም ሲደርሰው።»

«ቶሎ ይድረሳቸው» አለ። ቧንቧውን መልሶ ዘጋው፤ ምንም ሳይፈስ። ወደ መኪናው ተመለሰ። መኪናው አልሄደም፤ ግን ሌላ ሰው አልወረደም።

በመጨረሻ ኦቦ ቶሎሳ ከወንበሯ ተነሡ። እስከዚያ ችለውት ነበር። «ገመቹ!» አሉ አንዴ፣ ከሆዳቸው። ለሚ የቀረውን ጀሪካን ጣለና መኪናው ወዳለበት ሊወጣ ወደ በሩ ዞረ። ኦቦ ጉተማ መንገዱ ላይ ቆሙበት። አልያዙትም፤ አልተቆጡትም። ጓደኛቸውን በአንድ ክንዳቸው አቅፈው፣ ጡሩምባ በሌለበት፣ ሰው ከጎረቤቱ ጋር በሚጫወትበት ድምፅ የተከለከሉትን አዋጅ አወጁ። «የዕድራችን አባል የኦቦ ቶሎሳ ልጅ፣ ገመቹ ቶሎሳ አርፏል። አገሩ ወጥቶ ቀብሮታል። ማንም አልቀረም።» በኦሮምኛም ደገሙት። ኦቦ ቶሎሳ በእያንዳንዱ ቃል ራሳቸውን ነቀነቁ። ለሚ በሩ ጋ ተቀምጦ ፊቱን በእጁ ሸፈነ፤ ከዚያ አልወጣም።

ከሰዓት በኋላ፣ ወታደሮቹ ከሄዱ በኋላ፣ ውሃ መጣ። ሰው ወረፋውን ይዟልና ቀዳ። ጀሪካኖቼ ሞልተው በየቤቱ ገቡ፤ ሞልቶ የገባ ጀሪካን ደግሞ አይመለስም። ወንበሯም እዚያው ቀረች፤ ውሃ ጠባቂ ሴቶች ይቀመጡባታል ሲሉ ሰምቻለሁ። ዳኛው ትእዛዝ ጥሰሃል ብለው ኮረፉኝ፤ መንገድ ላይ ሲያዩኝ ማዶ ይሻገራሉ። ኦቦ ጉተማን የመንግሥት ሰዎች ጠርተው ሕዝብ አስወጥተሃል ወይ ብለው ጠየቋቸው። «ያልተነፋ ጡሩምባ ማን ሰማ?» ብለው ተመለሱ። ስለ ጀሪካኖቹ ሳጉረመርም «ቀብር ላይ የዋለ ዕቃ አይጠየቅም፤ አንተ ፕላስቲክ፣ ባህል ልመድ» አሉኝ።

ከዓመታት በኋላ፣ ሳንባቸው እምቢ ብሎ ጡሩምባውን ካስቀመጡ ወዲያ፣ ቤታቸው ልጠይቃቸው ሄጄ ያን ቀን አነሣሁባቸው። «ኦቦ ጉተማ፣ የገመቹን ቀብር ምን አሉት? ጠብ ጠብ አለ ነው? ፈለቀ ነው?»

«ያንን አልለካሁትም» አሉ። «እያለቀስኩ ነበር።»

ለሚ ዛሬ ዓለም ገና ከተማ ባጃጅ ይነዳል፤ ልጆች ወልዷል። ኦቦ ቶሎሳ በሕይወት አሉ። በዚያ ቀን ሰበታ አንድ ልጅ ቀበረች። ሁለተኛ አልቀበረችም።